ደጇን የዘለለው እንቁጣጣሽ

«ለእሷ ቤት አይሰጥም ተብሏል አልኩህ እኮ!»

ዋጋነሽ ይህን የሰማችው በዘመን መለወጫ ማለዳ፣ የተቆራረሰ ዳቦ የሞላ ሰፌድ ታቅፋ አጥሯ ሥር እንደ ቆመች ነው። የሰፈሩ ልጆች ከአጥሩ ማዶ ተኮልኩለው ይንሾካሾካሉ። ሥዕላቸውን ካፊያው እንዳይነካባቸው ከኩታቸው ሥር ሸጉጠውታል። እሷ ደግሞ «እንቁጣጣሽ!» ብለው እስኪገቡላት ነበር የምትጠብቀው። የዳቦው ዱቄት እንዴት እንደ ተገኘ እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሁለተኛው ዘመን መለወጫ ነው፤ ነጋዴው ጠገራ ብር ካልሆነ ሊሬ በእጄ አልነካም ይላል፣ ጣሊያኑ ጠገራ የያዘ ወዮለት ይላል፣ በመሀል ስንዴው ይወደዳል። እና ሳንቃውን ከፈት አድርጋ «ግቡ እንጂ ልጆች፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ስትላቸው ሁሉም ጸጥ አሉ። ዓይኗን አዩና ከዚያ ማንም ሳያዛቸው አንድ ላይ ሩጫ! አንዱ እንኳ ዞሮ አላየም። ትንሽ ቆይቶ ከፊት ለፊት ደሜ ቤት ገብተው «እንቁጣጣሽ!» ሲሉ ተሰማ። ወይ ጉድ! ዳቦ አይቶ የሚሸሽ ልጅ በኮልፌ ታይቶ አይታወቅም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ምንም አይመስለው ይሆናል። ወረቀት ነው፤ አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ የተሣለበት ወረቀት። ልጅ ይዞት ይመጣል፣ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ ዳቦውን ወይም ሳንቲሙን ተቀብሎ ይሄዳል። በዚያ ሰፈር ግን ከአባት ከእናት የመጣ ደንብ ነበር። ሰው ሞቶበት ዓመት ያልሞላው ቤት የእንቁጣጣሽ ሥዕል አይሰጠውም። ሰጪው አይደፍርም፣ ተቀባዩም እጁን አይዘረጋም። ሥዕሉን የተቀበለ ሰው «ቤቴ ሙሉ ነው፣ ማንም አልጎደለብኝም» ብሎ በፈጣሪ ፊት እንደ መሰከረ ይቆጠራል፤ በሐሰት የመሰከረ ደግሞ አዲሱ ዓመት አይወጣለትም ይባላል። እንግዲህ ልጆቹ ደጇን ሲዘሉት ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ዋጋነሽ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ቤት ጎደለ የሚባል ሰው ካለ አንድ ነው፤ ባሏ ወልደ አማኑኤል። ሠዓሊ ነው። «ነበር» ያለ ሰው ከእሷ ጋር ይጣላል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሥላል፤ ክረምት ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ለእንቁጣጣሽ የሚሆን መልአክ ያሣሥላቸዋል። ኮልፌ ውስጥ በየግድግዳው የተለጠፈ መልአክ ሁሉ የእሱ ልጅ ነው ቢባል አልተዋሸም። ያኔ በየካቲት፣ ቤት ከነሰው በሚቃጠልበት በዚያ ክፉ ሰሞን፣ «ቀለም ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወደ ከተማ እንደ ወረደ ቀረ። እሷም በየእስር ቤቱ ደጅ ስትንከራተት ከረመች። በኋላ የባሏ ታናሽ ወንድም ይገዙ መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ደናኔ ወስደውታል አሉ እትዬ። ሶማሌ ምድር ያለው እስር ቤት። በካሚዮን ሲጫን ያየው ሰው አለ» አላት። በዚች ቃል ነው ክረምቱን የወጣችው። ካሉት በታች ከሞቱት በላይ የሚባለው ይኸው እሷ የኖረችው ኑሮ ነው። ግን ኖረችው! ሲመለስ የሚለብሰውን እጀ ጠባብና ሱሪ አጥባ፣ የቀለም ስባሪዎቹን እንኳ አቧራ እያራገፈች ጠበቀች። እና ዛሬ በዓመት በዓል ቀን ልጆች ገድለውባት ሄዱ።

«ልጆች ከራሳቸው አያመጡም» አለች ሰፌዱን መደቡ ላይ እያስቀመጠች። «ማነው በአፉ የገደለብኝ? እሱን ነው የምፈልገው።» ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች።

መጀመሪያ ደሜ ቤት ገባች። የደሜ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹን አልጋ ይዞታል፣ ግማሹን ጥጃ። በዓል ነውና ወለሉ ላይ እርጥብ ሣር ተጎዝጉዟል፤ ምሰሶው ላይ ደግሞ አዲሱ ሥዕል በሊጥ ተለጥፏል። ወረቀቱ የማካሮኒ ካርቶን ነው፤ ጫፉ ላይ የጣሊያን ፊደል ይታያል። መልአኩ ግን የወልደ አማኑኤል ነው። ሰይፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ አዙሮ፣ በነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ያያል። ልጆቹ እሱ ካስተማራቸው አንዲት መስመር አልሳቱም። ዋጋነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ከቤቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ያያት እሱ መልአኩ ብቻ መሆኑን ልብ አለች። ደሜና ባሏ አንዴ ጥጃውን አንዴ ሣሩን ያያሉ።

«እንኳን አደረሰሽ ደሜ።»

«እንዴት አደርሽ ዋጌዬ? ግቢ፣ ግቢ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል?» አለች ደሜ።

ልብ በሉ፤ በዘመን መለወጫ ቀን፣ እንኳን አደረሰሽ ለተባለ ሰው መልሱ እንኳን አብሮ አደረሰን ነው። ይህን የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል። ደሜ ግን ስለ ብርዱ፣ ስለ ጭቃው፣ ዶሮ ስንት እንደ ገባ፣ ጤፍ እንደ ጠፋ፣ አዲሱ የአገሬው ገበያ በዚህ በኩል ሊቆረቆር ነው ስለ መባሉ፣ ሳትተነፍስ አወራች። ከወጡ መርጣ መርጣ ጠቅልላ አጎረሰቻት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባልየው ተነስቶ የራሱን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ይህ ሰው እኮ በቀደም በአጥር ነገር ሲሰድባት የነበረ ሰው ነው! ዋጋነሽ ጉርሻውን ዋጥ አድርጋ «ደሜ፣ ልጆቹ እኔ ቤት ለምን አልገቡም?» ስትላት ደሜ የጥጃውን ገመድ ልታጠብቅ ጎንበስ አለች፤ ያልላላ ገመድ። «ልጆች ምን ያውቃሉ ብለሽ ነው፣ ተያቸው» አለች፣ ሳትዞር።

ወጥታ ወደ ላይ ሄደች። ካፊያው ቆሞ ጉም ከባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ መንገዱ እየወረደ ነበር። ትናንት ማታ ችቦ አልበራም፤ እሳት ያየ ወታደር ይተኩሳል ተብሎ ተፈርቷል። ዛሬም ከበሮ የለም። ሰው ግን አለ፤ በየደጁ ነጭ ለብሶ ቆሟል። እሷ ስትደርስ ወሬው ይቆማል፣ ስታልፍ ከኋላዋ ይቀጥላል። «እንኳን አደረሳችሁ» ትላለች። «እንዴት ነሽ» ይሏታል። «እንኳን አደረሳችሁ!» ትላለች ጮክ ብላ። «ደህና ነሽ ወይ» ይላሉ። አንዲት ባልቴት መንገድ አቋርጣ መጥታ ጉንጯን ዳሰሰቻትና፣ አንድም ቃል ሳትናገር ተመልሳ ሄደች። በየበሩ ክፍተት፣ በየምሰሶው፣ በየግድግዳው ያ መልአክ ያያታል። አንድ ልብስ፣ አንድ ሰይፍ፣ እነዚያው ዓይኖች። እየቆየ አንድ የማይረባ ሐሳብ መጣባት። የሞትኩት እኔ ብሆንስ? ሞቼ ሳላውቅ በሰው ደጅ እየዞርኩ ብሆንስ? ተሳስታ እንዳይሆን የራሷን እጅ ቆንጥጣ አየችው። ያማል። እግዜር ይይለት፣ እዚህ ድረስ ያደረሳትን ሰው እግዜር ይይለት!

ከአውራ ጎዳናው ዳር አንድ ካሚዮን ቆሟል። ሾፌሩ ጣሊያን ነው፣ ጢሙን ያልተላጨ ወፍራም ሰው። ልጆቹ ከበውታል፤ ሥዕል እየገዛቸው ነው። በጣሊያንኛና በእጁ እያወራ «ማማ፣ ማማ» ይላል፤ ለእናቱ ሊልክላት ነው መሰለኝ። የእነሱ አገር ሰው ለበዓል ካርቶሊና የሚሉትን ባለ ሥዕል ካርድ እንደሚላላክ ኮልፌ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። ዋጋነሽ ስታልፍ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ፣ ጥርሱን ፈልቅቆ፣ «አውጉሪ ሲኞራ! እንኩዋን አደረሰ!» አላት።

ልጆቹ ቀጥ አሉ። እሷም ቆመች። ከማለዳ ጀምሮ ከዘመድ ከጎረቤት የለመነችው ቃል ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እንኳን አደረሰሽ ሊላት የደፈረ ይህ ብቻ ሆነ፤ ይህም ስለማያውቅ ነው። የሚያውቁት አላሏትም። በዚያች ሰዓት ነገሩ ወለል ብሎ ታያት፣ ልቧ ግን ያየውን አልቀበል አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሷም ደናኔን ይዛ አለቅም አለች። «ሰው ሳይነግረኝ አላምንም» አለች ለራሷ። «የገዛ ወንድሙ ይንገረኝ።»

ከዚያ በፊት ግን አባባ ገረሱ ቤት ገባች፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ያለ እሳቸው ምክር የሚሆን ነገር የለም። ሰፊ ቤት ነው፤ ወንዶቹ በመደቡ ዙሪያ ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። ከውጭ ስትሰማው ይንጫጫ የነበረው ቤት ገና እግሯ ሲገባ ዝም አለ። ሁሉም ብድግ! አሮጊት እንኳ ስትገባ የማይነሱ ጎረምሶች ተነሱላት። አባባ ገረሱ አጠገባቸው አስቀምጠው በራሳቸው ዋንጫ ቀዱላት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጠላው ማንቆርቆሪያ ድምፅ ብቻ ነው። ዋጋነሽ ዋንጫውን ይዛ ጠበቀች። ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ ጠላው የቀደመው፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች ግፍ ነው፣ እስከ መቼ...» ብሎ ሲጀምር በጎኑ ያለው በክርኑ ጎሸመው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ዛሬ ግን ብቅሉንም አፉን ያዙት።

«ልጄ» አሉ አባባ ገረሱ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ከቤትሽ አትውጪ።»

«ለምን አባባ?»

«እንዲያው... እንጠይቅሽ ብለን ነው። በጠዋት።»

መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው። ሰው ሳይወጣ፣ እንጀራ ሳይቀመስ፣ ደጋፊው በዙሪያ ተሰልፎ። በበዓል ቀን አይነገርም። ይህን ሁሉ ዋጋነሽ ታውቃለች፤ እሷም ለሰው መርዶ ቆማ ታውቃለችና። ዋንጫውን ሳትቀምሰው አስቀምጣ «ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ነገ ጠዋት! ስንት ሰው ነው ይህን ቃል ይዞ ሌሊት ሌሊት የተኛው? ስንቱ ነው «ደናኔ ብርዱ የለም አሉ፣ አይዞሽ» እያለ ሲያጽናናት የከረመው? ንዴት መጣባት፤ ለቅሶ ሳይሆን ንዴት። እነሱ ሲቆርጡ ልቅሶ፣ እነሱ ሲፈቅዱ በዓል? አልጠብቅም አለች።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። የባሏ ጥግ እንደ ነበረ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ በየስባሪው ደርቋል። የፍየል ጠጉር ብሩሹ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ለዓመታት ቀለም ስትፈጭለት፣ ስትበጠብጥለት ኖራለች እንጂ ብሩሽ በእጇ ይዛ አታውቅም። ዛሬ ያዘች። የዕንቁላል አስኳል ከቀለሙ ጋር መታች፤ ወረቀት ሲጠፋባት ያለፈውን ዓመት ሥዕል ከግድግዳው አንስታ በጀርባው ሣለች። ክንፉ ተወላገደባት፣ ሰይፉ በትር መሰለ። ፊቱ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ራሱ ሄደ። እሱ ዓይንን ነበር መጨረሻ የሚሥለው፤ ዓይን ከገባ በኋላ አትንኩት ይል ነበር። ሁለተኛውን ዓይን ነጥባ ቀና ስትል የመልአኩ ፊት የወልደ አማኑኤል ፊት ሆኖ አገኘችው። ቅንድቡ፣ የአፍንጫው አወራረድ፣ ያች ሊስቅ ሲል ጠመም የምትለው ከንፈር። እሷ ይህን አልሣለችም! እንዲህ ልሣል ብላ አላሰበችም። ከዚያ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቀችም፤ በነጠላዋ ጋርዳ ይዛው ወጣች።

ይገዙ ከእናቱ ከእማማ ድንቅነሽ ጋር ከወንዙ ወዲያ ይኖራል። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባችና መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው። የካቻምና፣ የአምና ሥዕል አለ። የዘንድሮ የለም። እማማ ድንቅነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ብርሃንና ጥላ ነው የሚለዩት። «ዘንድሮስ ልጆቹ እኛን ረሱን» እያሉ ያጉረመርማሉ። «ወልደ አማኑኤል ቢኖር ይሄን ያደርጉ ነበር? ከደናኔ ይምጣና እከሳቸዋለሁ።» ይገዙ ጀርባውን ሰጥቷቸው ያልበሰለ ነገር ያማስላል። ዋጋነሽን ሲያይ ማማሰያው ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

«ይግቡ እትዬ። ይቀመጡ» አለ።

አልተቀመጠችም። አጠገቡ ድረስ ሄዳ፣ ነጠላዋን ገልጣ፣ ሥዕሉን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጆቹ እንደሚሉት፣ «እንኳን አደረሰህ ይገዙ» አለችው።

ይገዙ ሥዕሉን አየው። የወንድሙን ፊት አየው። ውሰድ እንጂ፣ አለችው በዓይኗ። ውሰደው! ወንድምህ በሕይወት አለና ተቀበለኝ! ለእሱ ቀላል ነበር፤ እጅ መዘርጋት ብቻ። በዚህ ምድር ላይ ከዚያች ቅጽበት በላይ የለመነችው ነገር የለም። ይገዙ እጁን አነሳ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ጀርባው ወሰዳቸው። እንደ ታሰረ ሰው ቆመ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ።

«በየካቲት» አለ፤ ከትንፋሽ ያነሰ ድምፅ ነበር። «በእነዚህ እጆቼ ቀበርኩት እትዬ። ልቅሶ ክልክል ነበረ... ያለቀሰውን የሽፍታ ዘመድ እያሉ ሲወስዱ። እማማ አያውቁም። ነገ ሊነገር ነበር። ለሁለታችሁም አንድ ላይ።»

ዋጋነሽ አልወደቀችም። መውደቅ ፈለገች፣ ደረቷን መድቃት፣ ጸጉሯን መንጨት፣ ኮልፌ እስኪናወጥ መጮህ ፈለገች፤ ጩኸቱ እስከ ጥርሷ መጣ። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ያዘችው። ሰባት ወር ለምን ደበቁኝ ስትል የነበረችው ሴት አሁን አፏን ያፈነችው እሷ ራሷ ሆነች።

«ማነው እሱ?» አሉ እማማ ድንቅነሽ ከመደቡ። «ምን ይንሾካሾካል? ዋጌ ናት?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ምን ይዘሻል? ቀለም ቀለም ይሸተኛል።»

ይገዙ ራሱን ነቀነቀ፤ አትስጪያቸው ማለቱ ነው። ዋጋነሽ ግን እግሯ መደቡ ዘንድ ደርሷል። ተንበርክካ ሥዕሉን በአሮጊቷ ጭን ላይ አኖረችው። «እንቁጣጣሽ ነው እማማ። እንኳን አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን!» አሉ እማማ ድንቅነሽ፤ ፊታቸው በራ። ቀኑን ሙሉ ዋጋነሽ ያን መልስ የሰማችው እዚህ ብቻ ነው። ወረቀቱን አንስተው ሳሙት፣ ከዚያ በጣታቸው ዳበሱት። ክንፉን አልፈው ፊቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። ቀይ ቀለም ነበር።

«አልደረቀም እኮ!» አሉ። «ቀለሙ አልደረቀም! ይሄ ልጅ መጥቷል ማለት ነው። ደናኔ ነው እያላችሁ እዚሁ ደብቃችሁታል፣ አይደል? ጣሊያኖቹ እንዳይሰሙ ነው? እኔ መች ለሰው እናገራለሁ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ወደ ዋጋነሽ ጎንበስ አሉ። «ደህና ነው? ከስቷል?»

ይገዙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዋጋነሽ የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አልከሳም እማማ» አለች። «ደህና ነው።»

«ተመስገን» አሉ እማማ ድንቅነሽ። «በሉ ዳቦውን ቁረሱ፣ ለእሱም አስቀሩለት።»